የሶርዳ ሐይቅ ጠብ

ዴልሚራ አኩኛ በስልሳ አንድ ዓመቷ የእህቷ መረብ ክምር ላይ ወጥታ ተቀመጠችና «አልነሳም» አለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ግን ከወዲሁ አናት መብሳት ጀምራለች።

መረቡን ያመጣው የእህቷ የኦርፊሊያ አማች፣ የልጇ ባል ኒካኖር ነው። ከትልቁ ወንዝ ከፓራና ዳር፣ ሥራው ከከሸፈበት ዓሣ አርቢ ላይ ስምንት የዓሣ ማደለቢያ የመረብ በረት ከነመንሳፈፊያ በርሜሉና ከነገመዱ ገዝቶ፣ ሌሊቱን በጭነት መኪና ነድቶ ሶርዳ ሐይቅ ዳር ዘርግፎታል። ሶርዳ ማለት ደንቆሮዋ ማለት ነው። ወንዙ በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ እያጓራ ሲያልፍ እሷ ምንም እንዳልሰማች ጭጭ ብላ ስለምትተኛ ነው ስሙ የወጣላት። የመንገዱ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ የወንዙ ጎርፍም ደርሶባት አያውቅም።

ዴልሚራ የገመዱን ቋጠሮ በጥፍሯ ፈለቀቀችና አንድ ነገር አወጣች። ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ፣ ቢጫ የሚያደላው ቡናማ ዛጎል ነው። ገና እርጥብ ነው።

«ይሄን አየሽው?»

«አየሁት» አለች ኦርፊሊያ። ወገቧን ይዛ ቆማለች። «ዛጎል ነው። አንቺስ ዕድሜሽን ሙሉ ስትለቅሚ የኖርሽው ምንድን ነው፣ እንቁላል ነው?»

«ይሄ የኛ አይደለም። በመርከብ ሆድ ውስጥ ከቻይና የመጣው ወርቃማው ነው። ወንዝ ዳር የውሃ ቧንቧውን ሁሉ የደፈነው እሱ ነው። የያዘውን አይለቅም። አሥራ አምስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ይሙትና ከዚያ እንደፈለግሽ አድርጊ። አሥራ አምስት ቀን ብቻ።»

«የዓሣ ጫጩቶቼ ሐሙስ ይገባሉ። ምን ላድርጋቸው? አንቺ አልጋ ላይ ላስተኛቸው?»

«እንዲዘገዩ አድርጊያ!»

«አይ ዴልሚራ! ምቀኝነትሽን ዛጎል አታልብሺው። እኔ አንድ ነገር ልጀምር ባልኩ ቁጥር አንቺ መንገዱ ላይ ትተኛለሽ። ዛሬስ ጭራሽ ተቀመጥሽበት!»

ኒካኖር ሳቀ። ከዚያ መጣና በብብቷ ሥር ይዞ እንደ ማዳበሪያ ከረጢት አነሳት። ዴልሚራ ተወራጨች፣ ክንዱን ቧጠጠችው፣ ሸሚዙ ላይ ተፋችበት። ሳሩ ላይ ሲያስቀምጣት ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ተገልቦ ነበር። መረቡን ጀልባ ላይ ሊጭኑ የመጡት ሁለት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። ኦርፊሊያ ግን አላዞረችም።

በማግስቱ በረቶቹ ውሃ ላይ ነበሩ።

ሁለቱ እህቶች ከሰማንያ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ይኖራሉ። አባታቸው የዛጎል ጠራቢ ነበር። ሶርዳ ውስጥ እንደ እጅ መዳፍ የሚሰፋ፣ ከላይ ጥቁር፣ ከውስጥ የሚያብረቀርቅ ዛጎል አለ፤ ያገሩ ሰው «ማንኪያ» ይለዋል። አባታቸው ከሱ የአኮርዲዮን ቁልፍ ይቆርጥ ነበር፤ በኮሪየንቴስ ክፍለ አገር ሠርግ የሚያሞቅ ሁሉ ጣቱ የሚያርፈው የሱ እጅ ሥራ ላይ ነበር። ሲሞት የዛጎል መቁረጫ መንኮራኩሩንና የሥራ ቤቱን ለትልቋ ለዴልሚራ፣ የውሃ ጉድጓድ ያለበትን መሬት ለታናሿ ለኦርፊሊያ ተወ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱም ሌላዋ የተሻለውን እንደወሰደች ያምናሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለስድብ ካልሆነ አፍ ለአፍ ገጥመው አያውቁም።

የመጀመሪያው ዓመት ምንም ሳይታይ አለፈ። ኦርፊሊያ አምባዛዎቿን አደለበች፣ ሸጠች፣ ቤቷን ሰማያዊ ቀለም ቀባች። ዴልሚራ እንደ ልማዷ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ እየገባች በእግር ጣቷ ጭቃውን ትዳስሳለች። ማንኪያው በጠርዙ ቆሞ ግማሽ አካሉን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ስለሚኖር፣ የለመደ እግር ዕድሜውን ሳይቀር ያውቃል። ከአራቱ አንዱን ታወጣለች፣ ሦስቱን ትተዋለች። አባቷም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ እግሯን ቆረጣት። ማንኪያ ቆርጧት አያውቅም። ጎንበስ ብላ ስታወጣው የያዘችው ማንኪያ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። ወርቃማዎቹ ቆረቆንዳ ላይ እንደተደረደረ በቆሎ ጥቅጥቅ ብለው ሸፍነውታል። ከእያንዳንዳቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ ጠንካራ ክር ወጥቶ የማንኪያውን ከንፈር ግራና ቀኝ ሰፍቶታል። መክፈት አይችልም። በቢላዋ ስትፈለቅቀው ሥጋው ከስቶ፣ እንደ ረጠበ ወረቀት ሳስቶ ነበር። አጠገቡ ያለውን አወጣች። እሱም እንደዚያው። ሦስተኛው ባዶውን ነው።

ከውሃው ሳትወጣ፣ በቆመችበት፣ ሰማያዊው ቤት እስኪሰማ ድረስ ተሳደበች።

ከዩኒቨርሲቲ ሉርዴስ የምትባል ወጣት ተመራማሪ የመጣችው በዚያ ወር ነው። ዴልሚራ ዛጎሉን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በአውቶቡስ ከተማ ድረስ ሄዳ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግፋባት ነበር። ሉርዴስ ሁለት ቀን ሐይቁን ስትለካ ውላ ሦስተኛው ቀን ሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዶኛ ዴልሚራ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«እስካሁን ውሸት ስትነግሪኝ ነበር እንዴ፣ ልጄ?»

«ምግባቸው አንድ ነው። ማንኪያውም ወርቃማውም ውሃውን እያጣሩ በውስጡ ያለውን ደቃቅ ነገር ነው የሚበሉት። ግን ማንኪያው አንድ ሲሆን ወርቃማው ሺህ ነው። ማንኪያው እስኪወልድ ዓመታት ይፈጅበታል፣ ወርቃማው ገና በወራት ዕድሜው ውሃውን በልጆቹ ይሞላዋል። ጀርባው ላይ ደግሞ ወጥቶ ከአፉ ይነጥቀዋል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ዛጎሎቹ ላይ የተጣበቀውን በብሩሽ መፋቅ ይቻላል። ሐይቁን ግን መፋቅ አይቻልም።»

የሚገርመው፣ ሐይቁ እንደዚያ ሰሞን አምሮ አያውቅም። ድሮ ክርን ድረስ ያስገቡት እጅ የማይታይበት ውሃ፣ አሁን ወለሉ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ሰው እሑድ እሑድ ሊዋኝ ይመጣ ጀመር። ኦርፊሊያም በየሱቁ «በረቶቼ ከገቡ ወዲህ ሶርዳ ጠራች» እያለች ታወራለች። አንድ ቀን ዳቦ መሸጫው በር ላይ ተገናኙ።

«ሰማሽ?» አለች ኦርፊሊያ፣ ትኩስ ቺፓ ዳቦዋን አቅፋ። «አጠፋሽው ስትይኝ የነበረው ሐይቅ መስታወት ሆነ።»

«የጠራው የሚበላ ነገር ስላልቀረበት ነው፣ ደደብ።»

«ምነው፣ አንቺም ገብተሽበት ብትጠሪ!»

ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዴልሚራ ዳቦ ሳትገዛ ተመለሰች።

ወደ ሥራዋ ስትቀዝፍ በየጠዋቱ በበረቶቹ አጠገብ ታልፋለች። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አየችው። የመረቡ ዓይን ተደፍኗል። ወርቃማዎቹ ከውጭ በኩል በስንዝር ውፍረት ተደራርበው በረቱን ግድግዳ አድርገውታል፤ ውሃ በውስጡ አያልፍም። ዓሦቹ ለመተንፈስ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ኦርፊሊያ ግን እንደዚህ መንጋጋታቸውን የረሃብ መስሏት መኖ ትጨምርላቸዋለች። የተረፈው መኖ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፣ ይብስ ያፍናቸዋል።

ጥር ገባ። ለሦስት ቀን ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ ጠፋ። ሰው ጥላ ሥር ተዘርግቶ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈ የቅጠል መጠጡን፣ ቴሬሬውን፣ በቀንድ ዋንጫ እየጠጣ ያቃስታል። ዴልሚራ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በበረቱ አጠገብ ስታልፍ ጀልባዋን አቆመች። ኦርፊሊያ መረማመጃው ላይ ቆማ መኖ ትበትናለች። ዴልሚራ አፏን ከፍታ ነበር። «መረቡን አንሺው፣ ይታፈናሉ» ልትል ነበር፤ ቃሉ ጥርሷ ጋ ደርሶ ነበር።

«ምን ትገላምጭኛለሽ?» አለቻት ኦርፊሊያ። «ዓይንሽን ከዓሣዬ ላይ አንሺ፣ አንቺ ሟርተኛ! መካን ዓይን!»

ዴልሚራ ልጅ አልወለደችም። ያንን በአደባባይ ያነሳባት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

«ዓሦችሽ ያምራሉ» አለች። «ጨምሪላቸው፣ ርቧቸዋል።»

ከዚያም ቀዘፈች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አምባዛዎቹ ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ስምንቱንም በረት ሞልተው ነበር። ኒካኖር መረቡን ሊጎትት ሞክሮ አቃተው። አንዱ በረት ብቻ የአንድ በሬ ያህል ከብዷል። ሁለቱም መዳፉ በወርቃማዎቹ ስለት ተተልትሎ ደሙ እስከ ክርኑ ወርዷል። ኦርፊሊያ ከነቀሚሷ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ገብታ የሞተውን ዓሣ በእጇ እያፈሰች ወደ ዳር ትወረውራለች። አታለቅስም። ማንንም አትጠራም። ብቻ ትወረውራለች።

ዴልሚራ ከዳር ቆማ አየች። ደስ አላት፤ ለራሷም አልዋሸችም፣ ደስ ብሏት ነበር። ደስታው ቤቷ እስክትደርስ አብሯት ሄደ። ከዚያ ካሳቫዋን ቀቅላ ልትበላ ተቀመጠችና አንድ ጉርሻ ጎረሰች። አፏ ውስጥ እንደያዘችው ቆየች። በመጨረሻ ደጅ ወጥታ ተፋችው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዴልሚራ የቀሩትን ማንኪያዎች ታወጣ ጀመር። ቁልፍ ልትቆርጥባቸው አልነበረም። እያንዳንዱን በሽቦ ብሩሽ ትፍቃለች፣ ክሩን በምላጭ ትቆርጣለች፣ የዝናብ ውሃ የሞላው ገንዳ ውስጥ ወር ታቆያለች፣ እንደገና በአጉሊ መነጽር ታያለች። መነጽሩን የሰጠቻት ሉርዴስ ነች። ከሥራ ቤቱ ጀርባ ጡብ ሠሪዎች አፈር ያወጡበት፣ ዝናብ የሞላው ሰፊ ጉድጓድ አለ፤ ወደዚያ ታዛውራቸዋለች። እስከ ሚያዝያ ድረስ በሕይወት ያገኘችው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ጣቶቿ በወርቃማዎቹ ስለት ተበልተው ቁልፍ መቁረጥ አቃታት።

«አሁን ተረፉ?» ብላ ጠየቀቻት ሉርዴስን።

«እነዚህ ይኖራሉ። አርጅተው እስኪሞቱ። ግን አይተኩም።»

«ለምን?»

«የማንኪያ ልጅ ብቻውን አያድግም፣ ዶኛ ዴልሚራ። ሲወለድ ዓሣ ላይ መንጠልጠል አለበት። በሚተነፍስበት፣ በስንጥቡ ላይ። ሳምንታት እዚያ ይቆይና ወድቆ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ያለዚያ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ወርቃማው ማንንም አይፈልግም፤ ለዚህ ነው የሚያሸንፈው።»

«ዓሣ ነው የቸገረሽ? አጠምዳለሁ።»

«ከሐይቁ ወይም ከወንዙ ካመጡ፣ አብሮት የሚመጣው ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታይ የወርቃማው ልጅ ሊኖር ይችላል። ያን ሁሉ ልፋት በአንድ ባልዲ ያጠፉታል። አምባዛ ነው የሚያስፈልገው፤ በጉድጓድ ውሃ ብቻ የኖረ አምባዛ።»

ዴልሚራ መልሱን ታውቀዋለች። በኮሪየንቴስ በዚያ አካባቢ በጉድጓድ ውሃ የሚኖር አምባዛ ያላት አንድ ሰው ብቻ ናት። ኦርፊሊያ ለዘር ያስቀረቻቸው አሥራ አንድ ትልልቅ አምባዛዎች በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ናቸው።

«ሌላ ዓሣ የለም?» አለች።

«የለም።»

«ሳትፈልጊ ነው የለም የምትይው!»



ወደ እህቷ ለመሄድ እስክትቆርጥ አራት ቀን ፈጀባት። በአምስተኛው ቀን ዴልሚራ አጥሩ ጋ ሄዳ ቆመች። ኦርፊሊያ በረንዳው ላይ የቴሬሬ ዋንጫዋን ይዛ ተቀምጣለች። ከስታለች። አየቻትና አልተነሳችም።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ዓሣ ፈልጌ ነው። ከገንዳው።»

ኦርፊሊያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። ተነሥታ ወደ አጥሩ መጣች። ዋንጫዋንና የቀዝቃዛ ውሃ ጆጓን እንደያዘች ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽና እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን፣ ቆመሽ ስታይኝ፣ መረቡ መደፈኑን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንደሚሞቱ?»

«አውቅ ነበር። ልነግርሽ ነበር የቆምኩት። ሰደብሽኝ፣ ተውኩት።»

ኦርፊሊያ ጆጉን አንሥታ ሙሉውን በዴልሚራ ፊት ላይ ደፋችው። ዴልሚራ አልጠረገችውም። ውሃው በአገጯ እየተንጠባጠበ ደረቷ ላይ ወረደ።

«ጣጣውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ» አለች። «መረቡ ላይ ተቀምጬ ለምኜሻለሁ። አማችሽ እንደ ዕቃ አንሥቶ ጣለኝ፣ አንቺም ቆመሽ አየሽ። አሁን ዓሣውን ትሰጪኛለሽ ወይስ አትሰጪኝም?»

ኦርፊሊያ ባዶውን ጆግ መሬት ላይ አስቀመጠች። «ስንት ዛጎል አለሽ?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ግማሹ የኔ ነው።»

«ምን?»

«አባታችን ሁለት ልጅ ነበረው። መቁረጫውን ለአንቺ ሲሰጥ እጄ ከእጅሽ አንሶ ነው? አንድ ቀን ጠይቆኝ ያውቃል? ግማሹን ዛጎል እወስዳለሁ። አጥሩ ላይ በር ትከፍቻለሽ፣ በፈለግሁ ሰዓት እገባለሁ። ዓሦቹም የኔ እንደሆኑ ይቀራሉ። ካልፈለግሽ ሂጂና ከዛጎልሽ ጋር አርጂ።»

«ሌባ» አለች ዴልሚራ። «በሩን ነገ እከፍታለሁ።»

ክፍፍሉ ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀ። የጡብ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተፋጠው ተቀመጡና ዛጎሎቹን በእርጥብ ጆንያ ላይ ደርድረው በየተራ አንድ አንድ መረጡ። ዴልሚራ እህቷ ትልልቁን ብቻ የምታነሳ መስሏት ነበር። ኦርፊሊያ ግን ዓይኗን ጨፍና ጠርዙን በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች፣ ትመዝናለች፣ ትመልሰዋለች፣ ሌላ ታነሳለች። ያነሳችው ሁሉ ዴልሚራ ራሷ ልታነሳ ያሰበችው ነበር። ወፍራሙን፣ ያልተቦረቦረውን፣ አንድ ወጥ የሆነውን።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አለች ዴልሚራ ሳታስበው።

«ማንም። ቆሜ አይ ነበር። አንቺን ሲያስተምርሽ እኔ ደጅ ቆሜ አይ ነበር።» አንዱን አንሥታ ወደ ራሷ ክምር ጨመረች። «ተራሽ ነው። አትጎተቺ።»

ዴልሚራ አነሳች። የኔ የምትላቸው ላይ በምስማር አንድ አንድ ጭረት አደረገች። ኦርፊሊያ የሷዎቹ ላይ ሁለት ሁለት ጫረች። ከዚያ ሁሉንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ መልሰው ከተቷቸው፣ ስድስት አምባዛም ተለቀቀ።

ኦርፊሊያ በሳምንት ሦስት ጊዜ በበሩ ትመጣለች። ዓሦቿን ትቆጥራለች፣ ትመግባለች፣ ዴልሚራ ውሃውን አቆሸሸችው ብላ ትሳደባለች። ዴልሚራም መኖ አበዛሽ፣ እንደ ዱሮዎቹ ልትገያቸው ነው ብላ ታቃጥላታለች። ያን ጊዜ ኦርፊሊያ ባልዲውን ወርውራ ትሄዳለች፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ትመጣለች። ኒካኖር እጁ ሲድን ሚስቱን ይዞ ወደ ከተማ ሄዶ የታክሲ ሹፌር ሆነ። የተደፈኑት መረቦች ዳር ላይ ደርቀው ቀሩ። በሶርዳ ውስጥ ግን አንድም ማንኪያ አልተገኘም፤ ሉርዴስ በየዓመቱ እየመጣች ትፈልጋለች፣ ወርቃማውንና ባዶ ዛጎል ብቻ ታወጣለች።

ዓሦቹ ጉድጓዱ ውስጥ በገቡ በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሉርዴስ የጡብ ጉድጓዱን ጭቃ በወንፊት ስታጥብ ድንገት እጇ ቆመ። ሁለቱ እህቶች ከሁለት አቅጣጫ ቀረቡ። ወንፊቱ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ስስ፣ አረንጓዴ የሚያደላ ዛጎል አለ። ጭረት የለበትም። ሉርዴስ አገላብጣ አየችው።

«እዚህ የተወለደ ነው» አለች።

ዴልሚራ እጇን ዘረጋች። ኦርፊሊያ ቀደመቻትና አፈፍ አደረገችው።

«አምጪው!»

«ምን ቤት ነሽ? በኔ ዓሣ ላይ ተንጠልጥሎ ያደገ ነው።»

«እናቱ የኔ ናት!»

«በምን አወቅሽ? ስትወልድ አዋልደሻት ነበር? ባለ ሁለት ጭረቷ ብትሆንስ?»

«አንቺ ዓይን አውጣ! ከውሃ ያወጣኋቸው እኔ፣ የፋቅኳቸው እኔ፣ ጣቴን የበሉኝ...»

«ዕድሜዬን ሙሉ ደጅ ያስቆማችሁኝ አንቺና አባታችን!»

«እባካችሁ» አለች ሉርዴስ፣ «ወደ ውሃው ይመለስ፣ ይደርቃል...»

ኦርፊሊያ ዛጎሉን ወደ ውሃው ልትመልስ ጎንበስ አለች። ዴልሚራም እንዳትቀደም ጎንበስ አለች፣ የእህቷንም እጅ አንጓዋ ላይ ጨምድዳ ያዘች። ኦርፊሊያ ልታስለቅቃት ጎተተች፣ አልለቀቀችም። ዛጎሉ ውሃ እስኪገባና በጠርዙ ቆሞ ጭቃ ውስጥ እስኪተከል ድረስ እንደተያያዙ፣ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው ይሰዳደቡ ነበር።